ገና አልነቀለችም

አብዱልመናን የበግ ዕድሜ በወሬ አይቀበልም። ከአምባሰል ዳገት የወረደ ገበሬ ውጫሌ ገበያ ላይ «ወላሂ፣ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል» ብሎ ቢምልለት፣ መሐላውን በአክብሮት ያዳምጥና የበጉን የታች ከንፈር በአውራ ጣቱ ገለጥ ያደርጋል። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ የሚታየው የታቹ ነው። ሁለቱ የመሐል የወተት ጥርሶች ወልቀው በሰፋፊዎቹ ከተተኩ «ነቅሏል» ይላል። ካልተተኩ «ገና አልነቀለም» ይላል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ለአረፋ በግ የሚገዛ ሰው፣ አብዱልመናን አይቶታል ከተባለ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ሰውየው ለአንድ ጠቦት እንኳ ዋሽቶ አያውቅም። ለነጋዴ እንዲህ ያለ ስም ትልቅ ሀብት ነው። ለባል ይጥቀም አይጥቀም ግን እንጃ።

ይኸው ሰው ጧት ጧት ከሱብሂ ሰላት መልስ የልጁንም ከንፈር እንደዚያው ገለጥ ያደርጋል።

«ሪታጅ፣ አፍ!» ይላታል።

ሪታጅ ይህን ጨዋታ ትወደዋለች። ገና እጁ ሳይደርስ አፏን በሰፊው ትከፍትለታለች። እሱም ሁለቱን የታች የፊት ጥርሶች በጣቱ ነካ ነካ ያደርጋቸዋል። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ የወተት ጥርሶች ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሲሄድ ግን ትከሻው ወረድ ይላል።

ሪታጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኖቿ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ አንገቷ አጠር፣ ጣቶቿ ወፈር ያሉ ናቸው። ምላሷ አንዳንዴ አልገባም ብሎ ከንፈሯ ላይ ያርፋል። ገና ጡት ሳትጥል ደሴ ያሉ ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም እንደሚባል ለእናትና ለአባቷ ነግረዋቸዋል፤ ስትፈጠር አንድ ክሮሞሶም ተጨምሮባት ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም፣ በአፍም በእግርም ትዘገያለች፣ ልቧን አስመርምሩላት ብለው። ልቧን አስመረመሩላት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ሆኖ ተገኘ። ስለ ጥርስ ያነሳ አልነበረም። ድዷ ባዶ የሆነ ጨቅላ ታቅፎ ስለ ጥርስ የሚጠይቅ ወላጅስ የት ይገኛል?

እናቷ ኡሙሀኒ ጅዳ ለቤት ሠራተኛነት ስትሄድ ሪታጅ ሦስት ዓመቷ ነበር። የደሴው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሲያጣድፋት፣ ልጇን ስማ ለአባቷ መለሰችለትና እንዲህ አለችው፤

«አብሽር አብዱ። ጥርሷን ስትነቅል እገባለሁ።»

በዚህ አገር ሰው ስለ ልጅ ዕድሜ ሲያወራ እንዲህ ነው የሚያወራው። ዳዴ ስትል፣ ጡት ስትጥል፣ ጥርሷን ስትነቅል። ኡሙሀኒ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆናት ማለቷ ነበር፤ ሌላ አነጋገር አልለመደችም። ቃሉን ለመምህር ወይም ለባጃጅ ነጂ ብትነግረው ኖሮ ጊዜውን በልቡ ይይዝና ሰባት ዓመት ሲሞላት «ነይ እንጂ» ይላት ነበር። እሷ ግን የነገረችው ለበግ ነጋዴ ነው።

ሪታጅ ስድስት ዓመት ሲሞላት ኡሙሀኒ በኢሞ ደወለችና «ነቀለች?» አለችው።

አብዱልመናን የዚያን ዕለት ጧት አይቷል። «ገና አልነቀለችም» አላት።

«ኢንሻ አላህ» አለች፤ ውሏንም አደሰች። ሰባት ሲሞላት ጠየቀችው። ገና። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ለወራት ተቋርጦ መስመሩ የተመለሰ ዕለት፣ አንዴ አልቅሳ፣ አንዴ አላህን አመስግና፣ የሁሉንም ደህንነት ከጠየቀች በኋላ የዞረችው ወደዚያው ጥያቄ ነበር። ስምንት ዓመቷም መጣና አለፈ። አብዱልመናን በጠየቀችው ቁጥር እውነቱን መለሰላት። ያላየውን አይቻለሁ አይልም። እሷ ደግሞ በየጊዜው ድምፅዋ እየቀዘቀዘ፣ ወሬዋ እያጠረ ሄደ። የሥራው ድካም ነው ብሎ አለፈው።

«በካሜራ አታይም ነበር ወይ?» የሚል ይኖራል። አታይም። ሐይቅ ከተማ ደግ ሰው ሞልቶባታል፤ ግን ደግ ሰውም ቢሆን የሪታጅን ምላስ ሲያይ ዓይኑን ይተክላል። አብዱልመናን ይህ ስለሚያመው፣ ሰው ፊትና ስልክ ፊት አፏን እንድትዘጋ አስተምሯታል። የስልኩ መብራት ፊቷ ላይ ሲወድቅ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። እናቷ «እስቲ ሳቂልኝ» ብትላትም እጇን አፏ ላይ ጭና ነው የምትስቅ።

ለነገሩ ሪታጅ ስልኩ ውስጥ ያለችውን ሴት «ስልኳ» ነው የምትላት። «ስልኳ መጣች» ትላለች ሲጠራ። «እማየ» የምትላት ኑርሀያትን ነው። ኑርሀያት ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየች፣ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ የአብዱልመናን እናት ልትሆን ምንም የማይቀራት ሴት ናት። ጥርሶቿ ረግፈው አንድ ሁለት ብቻ ቀርተዋታል። አባትየው ገበያ ሲውል ልጅቷን የምታበላት፣ የምታጥባት፣ ፀጉሯን የምትሠራት እሷ ናት። ኡሙሀኒ ከሄደች በኋላ የገባች ስለሆነች ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም።

አብዱልመናን ብቻውን መኖር የከበደው ሰው ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ቀኑን በሰውና በበግ ጩኸት መሐል የሚውል ሰው ብቸኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ገበያ ላይ ሲከራከር የዋለው ድምፁ ቤት ሲገባ ሥራ ያጣል። ለሪታጅ «ብዪ»፣ «ጠጪ»፣ «ተኚ» ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወራው የለም። አንዳንዴ ጓሮ ለታሰሩት በጎች ስለ መኖ መወደድ ሲያማርር ራሱን ያገኘዋል። የናፈቀው ፍቅር ብቻ ቢሆን እንኳ በቻለው፤ መጣላት ሳይቀር ናፈቀው። ጫማውን በር ላይ ጥሎ ሲገባ ኡሙሀኒ እንዴት ትቆጣው እንደነበር አስታውሶ፣ ሆን ብሎ ጫማውን በር ላይ ጥሎ የገባበት ቀን አለ። ማንም አልተቆጣውም። ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተነስቶ አነሳው።

ምክሩን የሰጠው ሙዘይን ነው። ሙዘይን አብሮት በግ የሚነግድ፣ ምላሱ የማያርፍ ወዳጁ ነው።

«ነቀለች በላታ!» አለው አንድ ቀን፣ ውጫሌ ላይ በጎች እየጫኑ። «ምን ቸገረህ? መጥታ አፏን ከፍታ ብታይ፣ ከጅዳ ድረስ መልሳ አትሄድ!»

«ያልነቀለችውን?»

«ሱብሃን አላህ! ይሄ ሰውዬ ለሚስቱም እንደ በግ ነው እንዴ የሚመሰክረው?» ሙዘይን አንዱን ሙክት ገፍቶ አስገባና ዞር አለ። «እሺ፣ ውሸት ካስፈራህ ጥርሷን አስነቅላት። ደሴ የጥርስ ሐኪም ሞልቷል። ከዚያ ነቀለች ብትላት ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?»

ሙዘይን ለቀልድ ነበር ያወራው። አብዱልመናን ግን አልሳቀም። ሐሳቡ አእምሮው ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ሁለት ጥርስ ነው። ዞሮ ዞሮ መውለቃቸው አይቀርም። ዛሬ ቢወልቁ ኡሙሀኒ ለአረፋ ቤቷ ናት።

በሳምንቱ ሪታጅን የዒድ ቀሚሷን አልብሶ ደሴ ወሰዳት። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ ልጅቷ በመስኮት እያየች ለሰው ሁሉ እጇን ታወዛውዛለች። እሱ ያማታል ብሎ እየፈራ እጇን ጨብጦ ሄደ።

የጥርስ ሐኪሟ ኢንሳፍ የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ናት። ወንበሩ ላይ ስታስቀምጣት ሪታጅ ሳትጠየቅ አፏን ከፈተች።

«ማሻ አላህ! እንዲህ ያለ ጎበዝ ታካሚ አይቼ አላውቅም። ማነው ያስተማረሽ?»

«አባየ» አለች ሪታጅ አፏን ሳትዘጋ።

«እነዚህን የታቾቹን ሁለቱን ይንቀሉልኝ ዶክተር» አለ አብዱልመናን።

«ያሟታል?»

«አያሟትም።»

«ይነቃነቃሉ?»

«አይነቃነቁም።»

«ታዲያ ለምን ይነቀላሉ?»

አብዱልመናን መሬት መሬት እያየ «ጊዜያቸው አልፏል» አለ።

ኢንሳፍ ብዙ አልተከራከረችውም፤ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ አለች። ሪታጅ ማሽኑ ሲዞርባት እንደ ድንጋይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፎቶ ሲሆን እንዴት እንደሚቆም ታውቃለች። ሐኪሟ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ደጋግማ አየችው። ከዚያ አባትየውን ጠጋ እንዲል ጠራችው።

«የወተት ጥርስ ለምን እንደሚወልቅ ያውቃሉ?»

«ሌላው ከሥር ሲገፋው ነው።»

«ልክ ነዎት። ከሥር የሚመጣው ጥርስ የወተቷን ሥር እየበላ ይገፋታል፣ እሷም ትወድቃለች። አሁን እዚህ ይዩ። የላይኞቹ አሉ፤ ጥልቅ ናቸው እንጂ ዘግይተውም ቢሆን ይወጣሉ። ጎን ያለችው ሾጠጥ ያለች ትንሽዬ ጥርስ ትሆናለች። ከእነዚህ ከሁለቱ የታቾቹ ሥር ግን…» በእስክርቢቶዋ ጫፍ ጥቁሩን ቦታ ነካችው። «ምንም የለም።»

«ገና ነው?»

«ገና አይደለም። አልተፈጠሩም። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጥርሳቸው ይዘገያል፣ የሚወጣውም ያንሳል፣ ከነጭራሹ የማይበቅልም አለ። ከእርስዎ ምንም አልጎደለም። እነዚህን ሁለቱን ብነቅላቸው የሚተካ የለም፤ ልጅቷ ባዶዋን ትቀራለች። በደንብ ከተቦረሹ ግን ትልቅ ሴት እስክትሆን ሊያገለግሏት ይችላሉ። ስለዚህ አልነካቸውም።»

አብዱልመናን ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። የስንቱን በግ አፍ ሲከፍት የኖረ ሰው ነው፤ ድድ ውስጥ ያለውን ግን አይቶ አያውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲመጣ የጠበቀው ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

«እናቷ ጥርሷን ስትነቅል እመጣለሁ ብላ ነው የሄደችው» አለ። ለማን እንደሚናገር እንኳ አላወቀም።

ኢንሳፍ ወደ እሱ ዞረች። «ጥርሷ እንዳልወለቀ ነግረዋት አያውቁም?» አለችው።

«በጠየቀችኝ ቁጥር እውነቱን ነግሬያታለሁ። ገና አልነቀለችም እያልኩ።»

ሐኪሟ አንዴ እሱን አንዴ ልጅቷን አየች። «እስቲ ዛሬ ይደውሉላትና ያሳይዋት» አለች።

ሐይቅ ሲገቡ አስር ሰዓት አልፏል። ዕለቱ ጁምዓ ነው፤ ኡሙሀኒ የምታርፈው ጁምዓ ከሰዓት ነው። አብዱልመናን ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሪታጅን ጭኑ ላይ አድርጎ ደወለ። የኡሙሀኒ ፊት ብቅ አለ፤ ከስቷል።

«ሪታጅ፣ አፍ!» አላት።

ልጅቷ ግራ ተጋባች። ስልኩን አየች፣ አባቷን አየች። «ስልኳ ናት እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ምንም አይደል፣ ልጄ። ክፈቺው።»

ከፈተችው። ምላሷም ወጣ፤ ይውጣ ብሎ ተወው። ስልኩን አስጠግቶ የታቾቹን ሁለት ጥርሶች አሳየ። ኡሙሀኒ ሁለቱንም አየች። በመጨረሻ የመጣው ድምፅ የሌላ ሰው መሰለው።

«እውነትህን ነበር?» አለች።

«ምኑን?»

«አልነቀለችም ስትለኝ። እውነትህን ነበር?»

«ዋሽቼሽ አውቃለሁ እንዴ?» አለና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራት፤ የሚገፋ ጥርስ እንደሌለ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ላይ እንደሚያጋጥም።

ኡሙሀኒ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ የት አውቄ! የማዳም ልጅ ከሪታጅ ታንሳለች፤ ከነቀለች ስንት ጊዜዋ። የስምንት ዓመት ልጅ ጥርሷን አልነቀለችም ስትለኝ፣ ይሄ ሰው እንዳልመጣ ፈልጎ ነው አልኩ። ሌላ ሴት አስገብቶ ነው አልኩ። ከሐይቅ የመጡ ልጆች ደግሞ ሪታጅ ኑርሀያት የምትባል ሴትን እማየ ትላለች አሉኝ።»

«ኑርሀያትን?» አብዱልመናን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «አሮጊት ናት እኮ! ጥርሷ እንኳ ረግፏል!»

«እኔ በምን ልወቅ? አምና ትኬት ቆርጬ ነበር አብዱ። ቆርጬ ነው የደወልኩልህ። ነቀለች ብለኸኝ ቢሆን፣ ወይ ደግሞ ጥርሷ ገደል ይግባ፣ ነይ ብቻ ብለኸኝ ቢሆን… አንተ ገና አልነቀለችም አልከኝ። ትኬቱን መለስኩት።»

አብዱልመናን ያን ዕለት አስታወሰ። ድምፅዋ ደስታ ነበረበት። ምን ተገኝቶ ነው ብሎ እንኳ አልጠየቃትም።

«ስትነቅል እመጣለሁ ብለሽ…»

«ነቀለች አልነቀለች፣ ነቀለች አልነቀለች! እኔ በግህ ነኝ ወይ? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አያውቅም። በየቀኑ ሲለው የኖረው በሆዱ ነው፤ በሆድ የተባለ ደግሞ ጅዳ አይደርስም። ሪታጅን ከጭኑ አውርዶ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነይ» አላት።

ኡሙሀኒ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አሁንማ ከረመዳን በፊት አዲስ ውል ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት ነው። ፓስፖርቴም እነሱ ዘንድ ነው።»

ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ ደጁን ሲያቀዘቅዘው ተሰማው። ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን ማታ ማታ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚገባበት ሁለት ዓመት ነበር፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ እያወቀ።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አለች ኡሙሀኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንደ ልማድህ እውነቱን። ሪታጅ ታውቀኛለች?»

አብዱልመናን ወደ ሪታጅ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ኑርሀያት ዳቦ የያዘ ሰፌድ በእጇ አድርጋ በግቢው በር ገባች። ሪታጅ አየቻትና ከአግዳሚው ላይ ዘላ ወረደች።

«እማየ! እማየ!» ብላ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

ጅዳ ያለችው ሴት በድንጋጤ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «እኔን ነው?» አለች። «አብዱ፣ እኔን ነው የጠራችኝ?»

አብዱልመናን የስልኩን ካሜራ በመዳፉ ሸፈነው። ግቢው ውስጥ ሪታጅ የኑርሀያትን ወገብ አቅፋ ፊቷን ቀሚሷ ውስጥ ቀብራለች።

«አንቺን ነው» አላት። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠራሽ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እውነቱን ሲነግራት ያላመነችው ኡሙሀኒ ይችን አመነችው።